ወፍ አስጎብኚ ሳለሁ

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። ደሴ ላይ የምታስተምረኝ አክስቴ ይህን ስል በሰማች ቁጥር «የወተት ጥርስሽ ከወለቀ ስንት ጊዜው ነው ደግሞ ጡረታ የምትዪው?» ትለኛለች። ይሁን። ሥራ ነበረኝ፤ ሠራሁት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ልማር ወደዚህ ስመጣ ለሌላ ሰው አስረክቤው መጣሁ። አሁን የቤት ሥራዬን ስጨርስ ቁጭ ብዬ ስለ ሥራ ዘመኔ እጽፋለሁ። ጡረተኛ ከዚህ ሌላ የሚያደርገው ነገር ካለ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ሥራዬ ወፍ አስጎብኚነት ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ አባቴ ከሚቀድሱበት ደብር ደን ግርጌ፣ ሰንበሌጥ የምንለው ጨፌ አለ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይከርምና መስከረም ሲጠባ መሀሉ ኩሬ ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ላይ ሣሩ የሰው ወገብ ይደርሳል። ያን ጊዜ ወፎቹ ይመጣሉ። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ወደ ታች ሲወርዱ እኛ ጋ ያርፋሉ። ገሚሱ ጥቂት ቀን በልቶ ጠጥቶ ይቀጥላል፤ ገሚሱ እንደ ዘመድ ይከርማል። ወፎቹ ሲመጡ ወፍ ማየት የሚወዱ እንግዶች ይመጣሉ፤ እንግዶቹን ከመናኸሪያ ተቀብዬ ጨፌው ዳር የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ።

ከወረዳ የተሰጠኝ ባጅ ላይ «ወፍ አስጎብኚ ማኅሌት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚወራ ነገር የለም፤ ባጁ ግን ያምር ነበር። ጎረቤታችን አያ ይመር አንገቴ ላይ ሲያዩት አስቁመውኝ ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ወፍ አስጎብኚ?»

«አዎ አያ።»

«ወዴት ወዴት ነው የምትወስጃቸው?»

«እንግዶቹን? ወደ ጨፌው።»

«እንግዶቹንማ መች ይላል። ወፎቹን ነው የሚለው። ቅዳሜ ገበያ አውጪያቸው እስቲ፣ አገር ይዩ።»

አያ ይመርን በደንብ ላስተዋውቅ፤ ያለሳቸው ይህ ታሪክ የለም። ከአካባቢያችን ሽማግሌዎች በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም፤ በድምፅማ አይታሰብም። ከማዶ ተራራ «አፍያ ናችሁ?» ሲሉ እኛ ቤት ውስጥ ሆነን «አልሃምዱሊላህ» እንላለን። እኛ የቄስ ቤተሰብ ነን፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ሰላምታው ግን የጋራ ነው። ማሳቸው ጨፌውን ይዋሰናል። ምኞታቸው አንድ ነበር፦ ጨፌው መሀል ቦይ ተቀዶ ውሃው ወደ ገደሉ ይፍሰስ፣ መሬቱ ይድረቅ፣ ድንች ይተከል። «ይህን ሁሉ አፈር ለእንቁራሪት ማውረስ ኸይር አይደለም» ይላሉ። ጨፌው የጋራ ስለሆነ ወሳኞቹ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ድንች ይወዳሉ። ቦዩ ከተቀደደ ኩሬው በሳምንት ያልቃል። ኩሬው ካለቀ ወፎቹ ከላይ አይተው ያልፉናል። የሥራ ዘመኔ በሙሉ፣ ያ ቦይ እንዳይቀደድ የተደረገ ትግል ነው።

የመጀመሪያም የመጨረሻም አለቃዬ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። በደብራችን የዜማ መምህር ናቸው፤ አባቴንም ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። የተቀጠርኩት እንዲህ ነው። እናቴ ለመሪጌታ ምሳ አድርሺ ብላ ላከችኝ። ጉባኤ ቤት የሉም። ወደ ጨፌው ስወርድ ሣሩ መሀል በደረታቸው ተዘርግተው አየኋቸው፤ አይንቀሳቀሱም። ሞተዋል ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ከጋቢው ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«ከጮህሽ ምሳውን ብቻሽን ትበዪዋለሽ። ዝቅ በይ።»

ዝቅ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሦስት የወፍ ወቅት ዝቅ እንዳልኩ ነው ያሳለፍኩት።

መሪጌታ ወፍን መጀመሪያ የሚያውቋት በጆሯቸው ነው። ዜማ ሦስት ነው ብለው ያስተምሩ የለ፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፤ ወፎቹንም በዚሁ መድበዋቸዋል። ዋኔ ዕዝል ናት፤ ድምፅዋ ከባድ ነው፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀራል። ከውጭ ከሚመጡት ውስጥ ኩሬው ዳር ጭቃ ለጭቃ የምትሮጠው ቀጭኗ ስትበር የምታሰማው ፉጨት አራራይ ነው፤ ሆድ ያባባል። ይህችኑ ወፍ ቆማ ሳለች «ሰጋጅ» ይሏታል፤ በቆመችበት ወገቧን ዝቅ ከፍ ማድረግ አታቆምማ። ጋጋኖ ሲጮህ ግን አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ይህ ዜማ አይደለም። አዋጅ ነው።»

ሌላም አመል ነበራቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው ጨፌ አይወርዱም። የሥራ ጋቢያቸው መልኩ ከደረቀ ሣር አይለይም፤ እናቴ ልጠብልዎ ባለች ቁጥር «የሥራ ልብሴን አታበላሺብኝ» ይሏታል። ጣት አይቀስሩም፤ በአገጫቸው ነው የሚያሳዩት። ቆሎ አይዙም። ቆሎ ሲቆረጠም ከማዶ ይሰማል፣ የጥበቃ ምግብ ንፍሮ ነው ይላሉ። አንድ እንግዳ ኪሱ ሙሉ ቆሎ ይዞ ቢመጣ ወስደው ለእናቴ ሰጥተው ሲያስቀቅሉለት አይቻለሁ።

ወፍ ሳይ ደግሞ ስም እንድጠራ አይፈቅዱልኝም ነበር። «ስሙን ተይው። አመሉን ንገሪኝ» ነው የሚሉት። በመጀመሪያው ወቅቴ፣ ጉም ባለበት ጠዋት፣ ከኩሬው ማዶ ትልቅ ነጭ ነገር አየሁ። መሪጌታ አንድ እንግዳ ትቶላቸው የሄደ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳይ አቅራቢ መነጽር አላቸው፤ እሱን ነጥቄ ዓይኔ ላይ ደገንኩት።

«ነጭ ሽመላ» አልኩ።

«ስሙን ተይው። እግሩስ?»

«እግሩ አይታይም፣ ሣር ውስጥ ነው።»

«አመሉስ?»

«ትዕግሥተኛ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።»

«ጎሽ። ጠብቂው።»

ጠበቅሁት። ጉሙ እስኪነሣ ድረስ የዚያን ወፍ ትዕግሥት ሳደንቅ ቆየሁ። ፀሐይ ወጣች።

«አሁንስ?»

«መሪጌታ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ አለው።»

«ምን ይላል?»

«ዩሪያ።»

የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሳቁ፤ ወፎቹ እንዳይሰሙ ነው። «ግድ የለሽም፣ እሱም ከባሕር ማዶ ነው የመጣው» አሉኝ።

ከጨፌው ሌላ ሁለት ምድብ ነበረኝ። አንዱ የደብሩ ደን ነው፤ ወይራና ፅድ መሀል ቆሞ ማዳመጥ፤ እዚያ ዓይን ሥራ ፈት ናት። ሁለተኛው ወደ ወግዲ በኩል ያለው ገደል አፋፍ ነው፤ ንስርና ጭልፊቱ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ሲያልፉ የሚታዩበት። አንድ የደሴ መምህር እዚያ ሽቅብ ሲያይ ውሎ አንገቱ አልመለስ ብሎት፣ እስከ ከተማ ድረስ ድንጋዩን እየነገርኩት እጁን ይዤ ወስጄዋለሁ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ዓይነ ስውር መስሎት ምጽዋት ሊሰጠው እጁን ወደ ኪሱ ይሰድ ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር።

የወፍ ሥራን እንደ ሰላምታ የሚፈታተን ነገር ግን የለም። የኛ አገር ሰው ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እንዴት አደራችሁ፣ አፍያ ናችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ያቺ የታመመችው ላም ተነሣች ወይ። ላሚቱ ጋ ሲደርስ ኩሬው ላይ የቀረ ወፍ የለም። መሪጌታ ለዚህ ያገኙት ዘዴ ዋዜማውን ማታ በጨፌው መንገድ ያሉትን ቤቶች መዞር ነበር። ደጅ ላይ ቆመው «የነገውን ልበላችሁ ብዬ ነው። እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ሰዉም እየሳቀ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ «እግዜር ይመስገን፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ ይመልሳል። በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ብቻ ያልፋሉ። አንድ ሰው ነው እምቢ ያለው።

«መሪጌታ፣ ነገ ብሞትስ?» አሉ አያ ይመር። «የሞተ ሰው ዛሬ ላይ ሆኖ ደህና አደርኩ ይላል? ልታስዋሹኝ ነው?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

በሁለተኛው ወቅቴ ወይዘሮ ሂሩት መጡ። አዲስ አበባ ባንክ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቴሌስኮፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው የሚመጡ ሴት ናቸው። የሚፈልጉት ጥቁር ሽመላን ነበር። ነጩ በመንጋ ይመጣል፤ ጥቁሯ ግን ለብቻዋ ናት፣ ዓይን አፋር ናት፣ ሰው ካየች አትቆይም። ወይዘሮ ሂሩት በሕይወታቸው በሩቅ ስትበር ብቻ ነው ያዩዋት። መሪጌታ እኛ ጋ እንደምታርፍ ጽፈውላቸው ነው የመጡት።

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ቦዩን ሊያስቀድዱ ተስማምተው ነበር። መሪጌታ ሲለምኗቸው ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ወሰኑ። «እነዚህ ወፎች እንግዳ ያመጣሉ ትላላችሁ። እንግዳዋ ራሳቸው ፊታችን ቆመው፣ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ነገር አየሁ ይበሉን። ጨፌው ይቆያል። አላየሁም ካሉ ድንች ነው።»

ጨፌው ዳር ከሰንበሌጥ ሣር የሠራናት ዝቅ ያለች ዳስ አለችን። ሳይነጋ ገብተን ተቀመጥን፤ መሪጌታ፣ ወይዘሮ ሂሩትና እኔ። ፀሐይዋ ሣሩን ስትነካ ከማዶ ቀይ እግር ወጣ። ከዚያ ሌላው። ጥቁር ሽመላ። ወይዘሮ ሂሩት ቴሌስኮፑን ወደሷ አዙረው ማጥሪያውን በጣታቸው መፈለግ ጀመሩ። ልክ በዚህ ጊዜ ከኋላችን ሣሩ ተንኮሻኮሸና አያ ይመር ብቅ አሉ። ለክፋት አልነበረም። እንግዳ መጥታ ሳልጠይቃት ብለው ነው።

እግሬ እኔን አላማከረኝም። ትልቅ ሰው ሲመጣ ተቀምጦ መቆየት አላውቅም፤ ማንም አላስተማረኝም። ተስፈንጥሬ ተነሣሁና «ኖር» አልኩ። መሪጌታም በዕድሜ ያንሳሉና ተነሡ፤ «ኖር»። ወይዘሮ ሂሩትም የሰው ልጅ ናቸው፤ ቴሌስኮፑን በክርናቸው ጥለው ተነሡ፤ «ኖር»። የዳሷ ጣሪያ ራሳችን ላይ ቀረ።

«ተቀመጡ፣ በአላህ ተቀመጡ» አሉ አያ ይመር፣ ጨፌው እስኪያስተጋባ። «እንግዳ ደግሞ ይነሣል? እንዴት አደሩ የኔ እመቤት? አዲስ አበባ አፍያ ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ ሂሩት። ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነበር። ሽመላዋ ወደ ገደሉ ስትሄድ ነጥብ አክላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ምን አዩ ሲሏቸው ወይዘሮ ሂሩት መዋሸት የሚችሉ ሰው አልሆኑም። «ክንፍ ነገር አየሁ። ከዚያ አያ ይመርን አየሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጉባኤ ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ጨፌው በኔ እግር ነው የሄደው። መሪጌታ ሲመሽ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ኖር ባትዪ ኖሮ አዝንብሽ ነበር» አሉኝ። ሊሄዱ ሲነሡም፣ «ግን በዝግታ ብትዪውስ?»

መሪጌታ ከሽማግሌዎቹ ለምነው ያገኙልን አንድ ዓመት ነበር። ወይዘሮ ሂሩት በሚቀጥለው መስከረም እንዲመለሱ ቃል ገቡ። ያኔም ካላዩ ቦዩ ይቀደዳል፤ ከዚህ ወዲያ ልመና የለም ተባለ።

ያን ዓመት ሙሉ ሳስብ ነው የከረምኩ፤ ሐሳቡም የኔ ነው፣ ማንም እንዳይወስድብኝ። እኛ የምንነሣው በኋላ ለሚመጣ ትልቅ ሰው ነው። ከሁሉ የሚበልጡት ሰውዬ ቀድመው ዳሷ ውስጥ ከተቀመጡስ? ከሳቸው በኋላ የሚመጣ ማንም የሚነሡለት አይሆንም። ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ንፍሯቸውን አላምጠው ጨረሱ።

«ደወል ዳስ ውስጥ ሰቅለሽ ንፋስ አይንካው ማለትሽ ነው» አሉ። «ሂጂና ጠይቂያቸው።»

ሄድኩ። አያ ይመር ማሳቸው ዳር ነበሩ።

«አያ፣ ወይዘሮ ሂሩት ሲመጡ ዳሷ ውስጥ በክብር ቦታ እንዲቀመጡልን ነው።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«ዝም ይሉልናል።»

«ዝም?»

«ወፏ እስክትመጣ።»

«ካልመጣችስ?»

«ያው ዝም እንዳሉ ይቆያሉ።»

«ወላሂ፣ አንቺ ስትወለጂ እናትሽን ከደጅ ሆኜ አይዞሽ ስላት ነው ያደርኩ። ለምጥ ዝም ያላልኩ ለወፍ ዝም ልል ነው?» አሉና መሬቱን በዱላቸው ቆፈር ቆፈር አደረጉት። «ግን እሺ። ወፏን ያባረረ ይመር ነው እየተባለ ገበያ ላይ ስሜ ሲነሣ ከርሟል። ዘንድሮ ድምፄን ሰው አይስማ። ባዶ ጨፌ መሆኑን ሁሉም ይየውና ድንቼን እተክላለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። አያ ይመርን ቀድመን አስገብተን ከመሀል አስቀመጥናቸው። ወይዘሮ ሂሩት ቴሌስኮፑን ተከሉ። መሪጌታ ንፍሮውን በየእጃችን አፈሰሱልን። የአያ ይመር ዝምታ በጣም ይሰማል፤ ይተነፍሳሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፣ የሙስባሃቸው ዶቃ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ መሪጌታ ሲያዩአቸው መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት። አንድ ጊዜ «ያቺ ቢጫዋ ምንድን ናት?» አሉ። የሳቸው ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጥሪ ነው፤ ቢጫዋ ሄደች። አያ ይመር አፋቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፈኑት።

ከዚያ መጣች። ከረጅሙ ሣር ውስጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ወይዘሮ ሂሩት አገኟትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደዚያው ቀሩ። ሲበቃቸው፣ መሪጌታን ወይም እኔን ይጠራሉ ስል፣ አያ ይመርን ጎተት አድርገው ቴሌስኮፑ ላይ ጎንበስ አደረጓቸው። አያ ይመር አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው አዩ። ሽመላዋ እግሯን በዝግታ ታነሣለች፤ ታስብና ታስቀምጠዋለች። ከሩቅ ከሰል የመሰለው ጀርባዋ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ዞር ስትል ወይን ጠጅ። አንድ እንቁራሪት አወጣች። የአያ ይመር አፍ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ያላሰብኩት ነገር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አባቴ ኪዳን አድርሰው፣ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ በደኑ በኩል ወደ ዳሷ ብቅ አሉ። ዕድሜ ብቻ ነበር የቆጠርኩት፤ ክህነትን ረስቼዋለሁ። ለቄስ ትልቅም ትንሽም ይነሣል። አያ ይመርና አባቴ ደግሞ አንዳቸው ለሌላው ሳይነሡ የቀሩበት ቀን የለም፤ ሁለቱም ቆመው «ተቀመጡ፣ የለም እርስዎ ይቀመጡ» ሲባባሉ ሰው መሀል ገብቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። ጉልበቴ መነሣት ጀመረ።

አያ ይመር ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ሳይነቅሉ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና ነጠላዬን ይዘው ቁጭ አደረጉኝ። በሌላው እጃቸው ወደ አባቴ በኩል መዳፋቸውን ወደ መሬት፣ ወደ መሬት አደረጉ። አባቴ ግራ ገብቷቸው አንድ ጊዜ አዩን። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እርጥቡ ሣር ውስጥ ተቀመጡ። ማንም ለማንም አልተነሣም። እንዴት አደሩ የሚል እንኳ ጠፋ። ሽመላዋ ጠግባ በራሷ ጊዜ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ወይራው ሥር ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ሂሩት «አይቻለሁ። ለዚህ ከአዲስ አበባ አይደለም፣ ከዚያም ማዶ ይመጣል» አሉ። አንዱ ሽማግሌ ምን ትመስላለች አሉና ጠየቁ። ወይዘሮ ሂሩት አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አያ ይመር ተነሡ። ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ድምፅ ሁሉ ወጣ። እግሯን እንዴት እንደምታነሣ በራሳቸው እግር አሳዩ፤ እንቁራሪቱንም እሳቸው ሆኑ።

«ድንቹስ ይመር?» አሏቸው አንዱ።

«ድንች አጅባር ገበያ ሞልቷል» አሉ አያ ይመር። «ሂድና እንዲህ ያለች ሽመላ ከአጅባር ገበያ ግዛልኝ።»

ቦዩ ቀረ። እኔም ትምህርቴን ልቀጥል ወደ ደሴ ልሄድ ስለነበር ሥራውን ማን ይረከብ የሚለው ተነሣ። አያ ይመር ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ አለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ስሰናበታቸው ንፍሮ ቋጥረው ሰጡኝና «ስንት ደቀ መዝሙር ድምፅ ሳስወጣ ኖርኩ» አሉኝ። «ዝምታ ሊማሩ የመጡልኝ አያ ይመር የመጀመሪያው ናቸው። ከባድ ተማሪ ናቸው፤ ግን መማራቸው አይቀርም።»

ባለፈው ሳምንት ክፍል ገብቼ ሳለሁ ስልኬ ነዘረኝ። አያ ይመር ናቸው። በሩጫ ወጣሁና እንደ ወጉ ጀመርኩ። እንዴት ነዎት አያ፣ አፍያ ነዎት፣ ልጆቹ፣ ከብቱ። መልስ የለም። ሣር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፤ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«አያ፣ አይሰማኝም። ትንሽ ጮክ ይበሉ።»

ጆሮዬን ስልኩ ላይ አጣብቄ እንኳ በስንት መከራ የምትሰማ ድምፅ መጣች።

«ደህንነትሽን ሌላ ቀን እጠይቅሻለሁ። ሁለት ሆነው ነው የመጡት።»

ዘጉት።